በራ ወይ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በኅዳር ጨለማ፣
ፀሐይ እንደ እንግዳ ሳትቀመጥ በምትሄድበት በኦውሉ ከተማ፣
የብስክሌት ሱቁን በር በትከሻዬ ገፍቼ
«የኋላ መብራት» አልሁ፣ «ለራስ ቁር»፣ በረዶውን ከጫማዬ አራግፌ ገብቼ።

ሻጩ ኦስሞ ወጣት ነው፣ ጢሙ ገና ለጋ፤
ዘረገፈው ሁሉን ከነዝናው፣ ከነዋጋ፦
ይህ መቶ ሉመን ነው፤ ይህ በዩኤስቢ ይሞላል፤
ይህ ፍሬን ሲያዝ ያውቃል፤ ይህ ዝናብ ይችላል።
«ለእርስዎ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ለእኔስ አይደለም፤ የእኔማ ብስክሌት
ምድር ቤት ተሰቅሏል፣ ጉልበቴ «በቃህ» ካለኝ ዕለት።
ለቱሊኪ ነው፤ ለሚስቴ፣ ለዳቦ ጋጋሪዋ፣
ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ለሚጠብቃት ሊጧ።

ሃያ ሁለት ክረምት ከኋላዋ ነዳሁ፤
የኋላ መብራቷ እኔው ራሴ ነበርሁ።
ጀርባ መስጠት ክህደት ነው ይላሉ፤ ይበሉ።
እኔ ግን ጀርባዬን ለከባድ መኪናው፣ ለአውቶቡሱ ሁሉ
ሰጥቼ ኖርሁላት፣ ካፖርቴን ነፍቼ፣
ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ ወጥቼ።
አሁን ያን ጀርባዬን የሚተካ ዕቃ
በሃያ ዩሮ ይሸጣል፤ ባትሪው ለብቻው ነው፤ በቃ።

ሦስት ይዤ መጣሁ፤ ያልሆነኝ ሊመለስ፣ ተስማምተን በወሬ።
ቱሊኪ ሳቀች፦ «ለአንድ ጭንቅላት ሦስት? አብደሃል ወይ ዛሬ?»

የመጀመሪያው ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣ ድርግም።
ግቢውን አንድ ጊዜ ዞራ ሳትጨርስም
የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ ፔንቲ በካልሲው ወጣና
«ማን ታመመ?» አለ፣ አምቡላንስ የመጣ መስሎታልና።
ደግሞስ ከኋላዋ የሚነዳ ሰው፣ ዓይን የለው ወይ እሱ?
እንድትታይ ብለን ሌላውን ብናሳውር፣ የት ይደርሳል ክሱ?

ሁለተኛው ቆንጆ፣ እንደ ሮማን ፍሬ የጠራ፣ ውድ፤
ቁልፉ ግን ምስር ያክላል፤ በድርብ ጓንት እንዴት ይለመድ?
ሦስተኛው ክብ ነው፣ የካፖርት አዝራር የሚያህል፣
ዋጋው የሚያሳፍር ርካሽ፤ ዝም ብሎ ይቀላል፣ እንደ ፍም፣ ያለ ነበልባል።

ብርድ ባትሪ ይገድላል። እኛ ዘንድ ጥር ሲገባ
ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነው፤ እንባ ይረጋል፣ ዓይን ገና ሲያነባ።
ስለዚህ ሁለቱን አብርቼ ማታ
ፍሪዘር ውስጥ ከተትሁ፣ ከአተሩና ከዓሣው ጋራ አንድ ቦታ።
ሌሊት ለገንፎዋ የዱር ፍሬ ልታወጣ ብትከፍተው
«ካውኮ!» ብላ ጮኸች፣ «ነቅቷል መሰል ዓሣው!»
አየን። ውዱ ሞቷል። ርካሹ አመዳይ ለብሶ
ይቀላል፣ ጉንጩ እንደ በረደው ሕፃን፣ አተሩን ተንተርሶ።

ከሻርፕዋ ከፍ አድርጌ፣ ጥብቅ አድርጌ አሰርሁት፤
ከኮርቻዋ ሥር ያለውን ግን አልነካሁት፤
እሱ ብስክሌቱ የት እንዳለ ይናገራል ለነጂ፣
ይህ የሚያወራው የራሷን ነገር ነው እንጂ፦
ደክሟት ስታቀረቅር፣ ቀዩ ሰማይ ያያል፤
መስቀለኛው ላይ ግራ ቀኝ ስታይ፣ እሱም ግራ ቀኝ ይላል።

የራሷን መብራት ለባሿ አታየውም። ስለዚህ ዘወትር
ከደጃፉ ቆማ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «በራ ወይ?» ትላለች፣ ሳትጀምር።
«በራ» እላታለሁ።

ዛሬ መስኮቱ ላይ ነኝ፤ ከበርች ዛፎቹ አልፋ
ድልድዩ አፋፍ ስትደርስ፣ ቀዩ ነጥብ ድንገት ጠፋ።
ባትሪው? ብርዱ? ወደቀች? ጫማዬን ስፈልግ፣ ጉልበቴን ስረግም፣
ቀና ብዬ ባይ፣ ነጥቡ ተመልሷል። ለካ አልጠፋም፤

ወደ መስኮቴ ዞራ
እያየችኝ ነበር።